ጀርባቸውን የሰጡት የባሩድ ኮዳዎች

ኢንስፔክተር ኦታቪያ ሶንቺኒ ወደ ቤቱ ስትገባ መጀመሪያ የተቀበላት ያረረ ሥጋ ሽታ ነበር። ወጥ ቤቱ ውስጥ በረጅም ዘንግ የተሰካው ሥጋ ፍሙ ፊት ለፊት መሽከርከሩን አቁሞ አንድ ጎኑ ከሰል መስሏል። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ሞተሩን አጥፍተውታል፤ ፍሙን ማጥፋት ግን ማንም አላሰበም። የቤቱ ባለቤት ፎቅ ላይ ወድቋል።

ሊቪዮ ታባኬሪ ይባላል። ላቲን ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከጋርዶኔ ከተማ በላይ ዳገቱ ላይ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነበር። በጥናት ክፍሉ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ከጆሮው በላይ የተመታው አንዴ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ አላስፈለገም። ሐኪሙ ሬሳውን አገላብጦ ካየ በኋላ፣ የሞተው ከቁርስ በኋላና ከቀትር በፊት ነው፣ ከዚህ የተሻለ ከእኔ አትጠብቂ አላት። መምቻው ትንሽ ግን ከባድ ብረት ሳይሆን አይቀርም።

ኦታቪያ ቆማ ክፍሉን ቃኘች። ሰሞኑን የጀመራት የጥርስ ሕመም ቀኝ መንጋጋዋን ቀስፎ ይዟታል፤ ዳገቱን በእግር መውጣቷ ደግሞ አባብሶታል። ክፍሉ ከመኖሪያ ቤት ይልቅ ሙዚየም ይመስላል። በአንደኛው ግድግዳ በመስታወት መደርደሪያ ውስጥ የድሮ የባሩድ ኮዳዎች ተደርድረዋል። ከአጋዘን ቀንድ የተፈለፈሉ፣ ቆዳ የለበሱ፣ ናስ የተለበጡ አሉ፤ በላያቸው አዳኞች ከነውሻቸው ተቀርጸዋል። በሌላኛው ግድግዳ ላይ የድሮ ጠመንጃ መሙያ ቁልፎች እያንዳንዳቸው በየመስቀያቸው ተንጠልጥለዋል። ያኔ ጠመንጃ እንደ ግድግዳ ሰዓት በቁልፍ ይሞላ ነበርና ቁልፍ የሌለው ተኳሽ ዱላ እንደያዘ ሰው ነበር። ከቁልፎቹ በታች ባለው ጠረጴዛ ላይ የቀለጠ እርሳስ ፈስሶባቸው ጥይት የሚወጣባቸው፣ እንደ ጉጠት የሚከፈቱ የጥይት ማፍሰሻዎች ተቀምጠዋል።

ከመስቀያዎቹ አንዱ ባዶ ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ መምቻውን አገኘነው» አለ ረዳቷ ሳጅን ቱሊዮ ባዶውን መስቀያ እያሳየ። «ማለቴ፣ የት እንደሌለ አገኘን።»

ኦታቪያ አልሳቀችም። ጥርሷ አላስቻላትም።

ሬሳውን ያገኙት ለምሳ የተጠሩት ሁለቱ ወዳጆቹ ነበሩ። ፉልቪያ አርኬቲ የተባለችው ባልቴት ብሬሻ ከተማ ውስጥ የድሮ ዕቃ መደብር አላት። ሌላው ዶክተር አርናልዶ ፔድራሊ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ቤቱና ክሊኒኩ አንድ ላይ ሆነው ከሊቪዮ አትክልት ቦታ ጀርባ ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ማዶ ይገኛሉ። ሦስቱም ለረጅም ዓመታት በየወሩ አንድ እሑድ አብረው ምሳ ይበሉና የየራሳቸውን ኮዳና ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው እስኪመሽ ሲያነጻጽሩ ይውላሉ። ይህን የጀርመን ሰው ነው የሠራው፣ የለም የዚሁ የእኛ ሸለቆ ሥራ ነው እየተባባሉ ይከራከራሉ። አንዳንዴ ይኳረፋሉ፤ በወሩ ግን ተመልሰው ይገናኛሉ።

ፉልቪያ ቁጭ ብላ እጇን ፍሙ ላይ ታሞቅ ነበር። አላለቀሰችም። ኦታቪያ ከቤቱ የጎደለ ነገር እንዳለ ስትጠይቃት ወደ ፎቅ ወጣች፤ በሩ ላይ ቆማ ዓይኗን ከሬሳው እያሸሸች ግድግዳውን ተመለከተችና ተመለሰች።

«ኮዳ አልጎደለም። ከቁልፎቹ አንዱ የለም። ጌጥ የሌለው ተራ የብረት ቁልፍ ነው።»

«ሰው ሊገድል ይችላል?»

«በዚያ ቁልፍ? ልጄ፣ በዚያስ ድመት አይገደልም። ማንኪያ ነው የሚያክለው።»

ኦታቪያ ይህን ጽፋ ያዘች፤ ግን አላመነችም። ባለሙያ ነን የሚሉ ሰዎች ሁሉ ስለ ዕቃቸው ሲናገሩ ወይ ያጋንናሉ ወይ ያሳንሳሉ ብላ ታስባለች። ሴትዮዋ ጠዋቱን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመዘምራን ጋር እንደነበረች ተናገረች። ሲጣራም እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ግማሽ ምዕመን አይቷታል።

ዶክተር አርናልዶን ያነጋገረችው ቤቱ ሄዳ ነው። ረጅም፣ ንጹሕ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እሱም ብቻውን ይኖራል። ሳሎኑ ውስጥ በመስታወት ቁም ሣጥን የራሱ ስብስብ አለ፤ ከሊቪዮ ስብስብ ጋር ሲነጻጸር ግን ትንሽ ነው። ኦታቪያ ቀረብ ብላ ስታይ ቅርጹ ሳይሆን ልሙጡ ጎን፣ ቀበቶ ላይ ማንጠልጠያው ያለበት ጎን ነው የሚታየው። ሁሉም እንደዚያው ናቸው።

«ለምን ገለበጧቸው?» አለችው፣ ለወሬ ማስጀመሪያ ያህል።

«ፊቱን ማንም ያደንቃል» አላት። «ሰው ቀበቶ ላይ ሆኖ የተፋተገውን ጎን ማየት ነው እኔን ደስ የሚለኝ።»

ጠዋቱን ክሊኒኩ ውስጥ እንደነበረ ነገራት። ባቲስታ የሚባል ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ጥርሱ ሌሊቱን ሲያሰቃየው አድሮ በማለዳ በር ስላንኳኳበት፣ እሑድም ቢሆን ሊመልሰው አልቻለም። ጥርሱን ነቅሎ ሸኘውና ልብስ ቀይሮ ለምሳ ወጣ። ሊቪዮን ሲጠቅስ ድምፁ ተሰበረ፤ ዓይኑን በመሐረብ ጠራረገ። ሊለያዩ ሲሉ ደግሞ መንጋጋዋን አየት አደረገና፣ ከታች ሦስተኛው ጥርስዎ ነው አይደል፣ ይግቡና ልየው አላት። ኦታቪያ አመስግና ወጣች። ምርመራ ላይ ላለ ሰው አፏን ከፍታ ስትቀመጥለት ታያትና በራሷ ልትስቅ ዳዳት።

ባቲስታ ጉንጩ አብጦ አገኙት። ዶክተሩ ከማለዳ ጀምሮ እስከ ቀትር ደወል አብሮኝ ነበር፣ እጁ ወርቅ ነው፣ ምንም አልተሰማኝም አለ። ሳጅን ቱሊዮ የዶክተሩን ስም ሰረዘ።

የቀረው የሟቹ የወንድም ልጅ ዴኒስ ነበር። ሸለቆው ውስጥ መኪና የሚጠግን፣ የሊቪዮ ብቸኛ ወራሽ ነው። ጎረቤት ያለችው ሴት፣ ቅዳሜ ከሰዓት አጎቱ ላይ ሲጮህ ሰምቻለሁ አለች፤ ምን እንዳለ ግን አልለየችም። ዴኒስን ሲጠይቁት ቅዳሜ ወደዚያ ቤት አልሄድኩም ብሎ ዋሸ። እሑድ ጠዋት የት እንደነበረ ሲጠየቅ፣ ብቻዬን ጋራዥ ውስጥ ነበርኩ አለ፤ ያየው ሰው የለም። ለዐቃቤ ሕጉ ይህ በቂ ነበር። ኦታቪያን በስልክ፣ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ልጁን እስር ቤት አስገቢውና መምቻውን ፈልጊ አላት።

መምቻውን ፈለጉ። የሜላ ወንዝን ከድልድይ እስከ ድልድይ በጠላቂ አስፈተሹ። ዝገት ከዝገት የማይለይበት ሸለቆ ነው፤ ሰው ለዘመናት ጠመንጃ ሲሠራበት የኖረ ወንዝ ከሥሩ የማያወጣው ብረት የለም። ጠላቂዎቹ ያወጡትን ሁሉ ሳጅን ቱሊዮ ሸራ ላይ ዘረጋው፤ ሞረድ፣ ብሎን፣ የተሰበረ አፈሙዝ፣ የብስክሌት ፔዳል። ኦታቪያ በዝናብ ውስጥ በቆመችበት እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ አየችው። ፉልቪያን አስጠርታ አሳየቻት።

«ይሄ ሁሉ ቆሻሻ ነው» አለች ፉልቪያ። «ደግሞ ነግሬሻለሁ። በዚያ ቁልፍ ሰው አይሞትም።»

«እንግዲያስ ለምን ጠፋ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ፖሊሷ አንቺ ነሽ።»

ቁልፉ የተገኘው ወንዙ ውስጥ ሳይሆን የዴኒስ ጋራዥ ውስጥ፣ የሥራ ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ደስ አለው። ኦታቪያም ለአንድ ሰዓት ያህል ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ የላቦራቶሪው ኃላፊ ቁልፉን መዝኖ፣ አገላብጦ፣ ሳቅ እያለ ደወለላት። ደም የለበትም። ክብደቱም ቁስሉን ሊፈጥር አይችልም። ፉልቪያ እንዳለችው ማንኪያ ነው።

ዴኒስን ከታሰረበት ደግማ አስጠራችው። በዘይት የጠቆረ እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ቀና ብሎ አላያትም።

«ቅዳሜ ሄደህ ነበር» አለችው።

«ሄጄ ነበር።»

«ለምን ዋሸህ?»

«ጮኼበት ነበራ። በማግስቱ ሞቶ ተገኘ። ማን ያምነኛል?»

የጮኸበትን ምክንያት ቀስ ብሎ አወጣው። አጎቱ በክረምት ደረጃው ላይ ወድቆ ነበር፤ ለማንም አልተናገረም። ዴኒስ ከራሱ ቤት በታች ያለውን ባዶ ክፍል ቀለም ቀብቶ፣ ማሞቂያ አስገብቶ፣ ና እዚህ እኔ ዘንድ ኑር ብሎ ይለምነው ነበር። አጎቱ ደግሞ ኮዳዎቼን የት ላድርጋቸው እያለ ያፌዝበታል። ቅዳሜ ዴኒስ ተናደደና ከግድግዳው ላይ እጁ የደረሰበትን ቁልፍ ነጥቆ፣ መጥተህ ቤቱን እስክታይ አልመልስልህም አለው።

«ምን አለህ?»

«ሳቀ። ነገ ለምሳ ሰው ጠርቻለሁ፣ እስከ ዛሬ ከሰማኸው ሁሉ የሚያስቅ ወሬ አለኝ፣ ሰኞ መጥቼ እነግርሃለሁ አለኝ። ቤቱንም አይልሃለሁ አለ።»

ኦታቪያ አመነችው። ማመኗ ግን ምንም አልጠቀማትም። ዐቃቤ ሕጉ ልጁን ለመልቀቅ ፈጽሞ ፈቃደኛ አልሆነም፤ እሷም በእጇ የያዘችው ነገር አልነበረም። መምቻ የለም። የጠፋ ነገር የለም። የጣት አሻራ ሞልቷል፤ ሦስቱ ወዳጆች ለዓመታት ሲነካኩት በኖሩት ዕቃ ላይ የሦስቱም አሻራ አለ፤ ይህ ደግሞ ምንም ማለት አይደለም። ቤቷ ሄዳ አሮጊት እናቷ የሠራችላትን ሾርባ በግራ በኩል ብቻ እየመጠጠች፣ የሬሳውን ክፍል ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ በተነች። እናቷ፣ ምግብ ላይ የሞተ ሰው አታምጪብኝ ብላ ሄደች።

ምርመራውን ከጀመረች አንስቶ የጎደለውን ስትፈልግ ነው የከረመችው። ባዶ መስቀያ አየችና ሁሉም ሰው ዓይኑን እሱ ላይ ተከለ። ያለውን ግን ማንም አላየም። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች ተመለከተች። የኮዳዎቹ መደርደሪያ ጋ ስትደርስ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

ሁሉም ፊታቸውን ወደ ሰው አዙረዋል፤ አዳኞቹ፣ ውሾቹ፣ የሸሹት አጋዘኖች። ሁለቱ ብቻ ጎን ለጎን ቆመው ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ልሙጥ ቀንድና ማንጠልጠያ ብቻ ነው የሚታየው።

አንድ ሰው እነዚህን ሁለቱን አውጥቶ ነበር፤ ከዚያም እንዳልወጡ ለማስመሰል መለሳቸው። የመለሳቸው ግን ሊቪዮ አይደለም። እጁ የለመደውን ያደረገ ሰው ነው።

በማግስቱ ሁለቱን ኮዳዎች በወረቀት ጠቅልላ ፉልቪያ መደብር ሄደች። ለምን እንደሆነ አልነገረቻትም፤ እያቸው ብቻ አለቻት። ፉልቪያ መነጽሯን አጥልቃ አንዱን አነሳች።

«ይሄ የኑረምበርግ ነው። ሊቪዮ ሚስቱን ከማግባቱ በፊት ጀምሮ አለው። ያኛው የዚሁ የእኛ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ የተሠራ ነው። ስንት ጊዜ በእጄ ይዣቸዋለሁ።»

«በማጉያ መነጽር አይተሻቸው ታውቂያለሽ?»

ፉልቪያ ቅር አላት። «የወዳጅሽ ቤት ሄደሽ ማንኪያው ብር ይሁን አይሁን ነክሰሽ ትፈትሻለሽ?» አለቻት። ሆኖም ከመሳቢያዋ ማጉያ አወጣችና መብራት አስጠጋች። በሁለቱም ኮዳዎች ጠርዝ ዙሪያ እንደ ጌጥ የተሰለፉ፣ መሃላቸው ነጥብ ያለባቸው ትንንሽ ክቦች አሉ። ፉልቪያ አንዱን አየች፣ ሁለተኛውን አየች፣ ተመልሳ የመጀመሪያውን አየች።

«ምንድን ነው?»

«ክቡን የሚቆርጠው ስለት ጫፉ ተሸርፏል። ስለዚህ ሲዞር መስመሩ መሃል ፀጉር የሚያክል ነገር ሳይቆርጥ ይተዋል። እይ፣ እያንዳንዱ ክብ ሁለት መስመር ነው።» ማጉያውን ሰጠቻት። «ችግሩ በሁለቱም ላይ ያው መሆኑ ነው። አንዱ ጀርመን አገር፣ ሌላው እዚህ፤ መሃላቸው አልፕስ ተራራ አለ። በአንድ ስለት ነው የተሠሩት።»

«የአንድ ሰው ሥራ ናቸዋ።»

«ደግሞ የክቡ ጠርዝ ቡናማ ነው፤ ተቃጥሏል። በእጅ የሚዞር መሣሪያ ቀንድ አያቃጥልም። እጅግ ፈጥኖ የሚሽከረከር ማሽን ነው። እነዚህ የዛሬ ሥራ ናቸው።» ፉልቪያ መነጽሯን አወለቀች። ፊቷ ግራጫ ሆኖ ነበር። «ግን የሊቪዮዎቹን ዋናዎቹን አውቃቸዋለሁ። ሲገዛቸው ነበርኩ። እነዚህ ቅጂ ናቸው። ዋናዎቹ የት ሄዱ?»

ፈጥኖ የሚሽከረከር ማሽን ሲባል ኦታቪያ ጥርሷ በሥሩ ነዘራት። ስሙን ፉልቪያ አልጠራችውም፤ ግን ሁለቱም አንድ ሰው እያሰቡ እንደሆነ ታወቃቸው። ፉልቪያ ቀስ ብላ፣ ዕቃ ስናነጻጽር አርናልዶ ሁልጊዜ አንዱን ለአንድ ወር ተውሶ ይወስድ ነበር አለች። በደንብ ላጥናው ይል ነበር፤ በወሩ ይመልሳል።

ኦታቪያ ወደ ሊቪዮ ቤት ተመልሳ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን የጥይት ማፍሰሻዎች አንድ በአንድ አየች። ሁሉም ጠቁረው አቧራ ለብሰዋል፤ አንዱ ብቻ፣ ከባዱ የነሐሱ፣ የታጠበ ያህል ንጹሕ ነው። ላቦራቶሪው ማጠፊያው ሥር የሊቪዮን ደም አገኘ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዓይናቸው ሥር የነበረውን መምቻ ነው ወንዝ ለወንዝ ሲፈልጉት የሰነበቱት። ሳጅን ቱሊዮ አቀርቅሮ ቀረ፤ ኦታቪያ ለራሷም ለእሱም የሚሆን ስድብ አፏ ላይ መጥቶ ዋጠችው።

ግን ባቲስታ አለ። ደግማ ጠየቀችው፤ ሽማግሌው ተቆጣ። ዶክተሩ አብሮኝ ነበር አልኩሽ፣ ስንቴ ልበልሽ አላት። ዐቃቤ ሕጉም፣ ምስክር ያለውን የተከበረ ሰው በተገለበጠ ኮዳ ልታስሪ ነው ወይ ብሎ ሳቀባት። አንድ ሰው እሷ ላይ በሳቀ ቁጥር ጥርሷ የሚብስባት ይመስላት ጀመር።

በመጨረሻ አልቻለችም። ብሬሻ ውስጥ ያለችው የራሷ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ አየቻትና ጠቅልሎ መነቀል አለበት ብላ መርፌ ወጋቻት፤ እስኪደነዝዝ ጠብቂ አለቻትና ሬዲዮውን ከፍታላት ሌላ ክፍል ገባች። ኦታቪያ ጣሪያውን እያየች ተኛች። አንድ ዘፈን አለቀ፣ ዜና ተነበበ፣ ሌላ ዘፈን ጀመረ። ስልኳ ሲጠራ እናቷ ነበረች፤ የት ነሽ አለቻት።

«ከጥርስ ሐኪሜ ጋር ነኝ» አለች ኦታቪያ በደነዘዘ ከንፈሯ።

ከዚያ ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች። ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም።

ጥርሷ ተነቅሎ፣ ከንፈሯ ገና እንደተንጠለጠለ ባቲስታ ቤት ደረሰች። ከማን ጋር ነበርክ ብላ አልጠየቀችውም። መርፌ ከተወጋህ በኋላ ምን አደረግህ አለችው። ሽማግሌው አሰበ። ዶክተሩ ሬዲዮ ከፍቶልኝ ወጣ አለ፤ ሥሩ የጠለቀ ስለሆነ ቶሎ አይደነዝዝም ብሎ ሁለት ጊዜ ነው የወጋኝ። እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም ነበር።

«ስንት ሰዓት ያህል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሲቀሰቅሰኝ እጁን እየታጠበ ነበር።»

መተላለፊያዋን ማቋረጥ ሲጋራ ለኩሶ እስኪጨርሱ እንኳ አይፈጅም።

ዶክተር አርናልዶ ሲያዝ አልተከራከረም። ቤቱ ሲፈተሽ መኝታ ክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከሚስቱ ካፖርቶች ኋላ፣ በሐር የተጠቀለሉ ኮዳዎች ተገኙ። በሊቪዮ መደርደሪያ ላይ ካሉት ጋር መንታ ናቸው። ነገሩ ለኦታቪያ ግልጽ ሆነላት፤ ይዋሳል፣ አስመስሎ ይሠራል፣ ቅጂውን መልሶ ዋናውን ያስቀራል። አንዳቸውንም ሸጦ አያውቅም። ፉልቪያ እነዚህንም፣ ሊቪዮ ቤት ያሉትንም በማጉያ እንድታይ አደረገች። ዴኒስም በዚያው ቀን ተለቀቀ።

አርናልዶ በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ጠበቃው አጠገቡ ተቀምጦ የተናገረው አንዴ ብቻ ነው፤ ኮዳዎቹን ያነሱት ሰዎች እጃቸውን ታጥበው እንደሆን ጠየቀ።

ከሰዓት በኋላ ፉልቪያ ደወለች። ድምጿ ግራ የተጋባ ነበር። ቁም ሣጥን ውስጥ ከተገኙት ዋናዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው አለች፤ የእነዚያ ጀርባቸውን የሰጡት ሁለቱ መንታዎች። የቀሩት በሙሉ ባለ ሁለት መስመር ክብ ያለባቸው ቅጂዎች ናቸው። ዋናዎቹ ሊቪዮ ቤት፣ መደርደሪያቸው ላይ ተቀምጠዋል።

ኦታቪያ ስልኩን እንደያዘች ቆመች። ሌባ አገኘች፤ የተሰረቀው ዕቃ ግን ባለቤቱ ቤት ነው ያለው። ነገሩ እንደገና ከእጇ የሚያመልጥ መሰላት። ከቅጂዎቹ አንዷን፣ ተኝታ ዞር ብላ የምታይ አጋዘን የተቀረጸባትን፣ ከማጉያ መነጽር ጋር አስመጥታ ይዛ ተመልሳ ገባች፤ አርናልዶ ፊት አኖረቻት።

«ይህቺ የእርስዎ ሥራ ናት» አለችው። «ዋናዋ ሊቪዮ ዘንድ ናት።»

ጠበቃው ክንዱን ያዘው፤ አርናልዶ ግን ክንዱን አስለቀቀ።

«እሱም እንዲሁ ነው ያለኝ» አለ። «ውሸቱን ነው።»

ከዚያ በኋላ ማንም ሳይጎተጉተው ሁሉንም ተናገረ። እሑድ ጠዋት ባቲስታን ከወጋው በኋላ ሊቪዮ ደወለና ለደቂቃ ብቅ በል አለው። ሲገባ ሁለቱ ኮዳዎች ጠረጴዛው ላይ መብራት ሥር ነበሩ። አርናልዶ ገባው። ይጮህብኛል፣ ይከሰኛል ብሎ ጠበቀ፤ ለዚያ ለብዙ ዓመታት ሲዘጋጅ ኖሯል። ሊቪዮ ግን፣ እነዚህን ሁለቱን ብቻ አምጣልኝ፣ ሌሎቹን እኔው ራሴ ወስጃለሁ አለው። በየነሐሴው አርናልዶ ወደ ባሕር ሲሄድ አበቦቹን ውሃ የሚያጠጣለት ሊቪዮ ነበር፤ የቤቱ ቁልፍ አለው። አንድ ነሐሴ ላይ ቁም ሣጥኑን አገኘ። ከዚያ ወዲህ አንድ በአንድ ዋናውን ይወስዳል፣ ቅጂውን በሐሩ ጠቅልሎ ያስቀምጣል።

«እየሳቀ ነበር» አለ አርናልዶ። «እያወጣህ ስትደባብስ የኖርከው የራስህን የጥርስ መቦርቦሪያ ሥራ ነው፣ አንድም ቀን አላወቅከውም አለኝ። ዛሬ ምሳ ላይ ለፉልቪያ ልነግራት ነው፣ ይሄን ወሬ ለሌላ እሑድ ማሳደር ኃጢአት ነው አለ። ሌባ ቢለኝ ምናለበት። ሌባ ነኝ። ግን ዓይን የለህም ነው ያለኝ። ለመሄድ ዞሬ ነበር፤ ከኋላዬ ሳቁን አላቆመም።»

ኦታቪያ ያ ሽማግሌ ያን ሁሉ ዓመት ወዳጁን ሳያጋልጥ፣ ሳያዋርድ፣ በልቡ እየሳቀ አብሮት ፖሌንታ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎ ሲበላ መኖሩን አሰበች። ይቅር ብሎት ነበር፤ የይቅርታው ዋጋ አንድ ምሳ ሙሉ መሳቅ ብቻ ነበር።

አርናልዶ ማጉያውን አነሳ። ኮዳዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞራት። መጀመሪያ ፊቱ ላይ የመተማመን ነገር ነበር፤ ጠርዟ ላይ ካሉት ክቦች አንዱን አየ፣ ቀጥሎ ያለውን አየ። ማጉያውን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«መቼ ነው የወሰዳት?» አለ።

«አላውቅም።»

«የአጋዘኗን ነው የምልዎት። የመጨረሻው ነሐሴ ነው ወይስ ከዚያ በፊት?»

«ዶክተር፣ አላውቅም።»

«ማወቅ አለብኝ» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከፍ አለ። «ሚስቴ ስትሞት አጠገቧ ሆኜ በእጄ የያዝኳት ይህቺን ነበር። የሠራት ሰው ከሞተ አራት መቶ ዓመት አልፎት ሥራው ግን አለ እያልኩ ነው ያን ቀን የተጽናናሁት። ያኔ የያዝኳት ዋናዋ ናት ወይስ ይህቺ?»

ጠበቃው ዓይኑን ወደ ወለሉ አደረገ። ኦታቪያ የተነቀለው ጥርሷ ሥፍራ ላይ ምላሷን ነካ አደረገች። መዝገቡ ተዘግቷል፣ ዐቃቤ ሕጉ ሊያመሰግናት ነው።

«የሚነግርዎት አንድ ሰው ብቻ ነበር» አለችው።

አርናልዶ የሰማት አልመሰለም። ሊወስዱት ሲመጡ ተነሳ፤ እጁን ለሰንሰለቱ ሰጠ። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ ስለ ኮዳ አንዳች የማያውቀውን ሳጅን ቱሊዮን በትሕትና አስቁሞ፣ መቼ እንደወሰዳት እርስዎ ሰምተው እንደሆን ብሎ ሲጠይቀው ኦታቪያ ከክፍሉ ውስጥ ሰማችው።